«ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል አንድ ላይ ሰጡኝ፣ እንዴት ላስተምር?»

መስከረም በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የምትደርስ አንዲት ጥያቄ አለች። «ገጠር ተመደብኩ። ሦስት ክፍል አንድ ላይ ሰጡኝ። ምን ልሁን?» ጠያቂው ይለያያል፣ ጥያቄዋ ግን ቃሏ እንኳ አይለወጥም። እንዲህ የተለያየ ክፍል ልጆችን አንድ መምህር አንድ ላይ ሲያስተምር «ጥምር ክፍል» ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብያለሁ።

ምሳሌዎቼ ሁሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለሆኑ 45 ልጆች፣ ለአንድ መምህርና ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የተዘጋጁ ናቸው። ሁለት ክፍል ብቻ የያዛችሁ ሥራው ይቀላችኋል። ውጭ አገር ቅዳሜና እሑድ አማርኛ እያስተማራችሁ የ6 ዓመትና የ12 ዓመት ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብላችሁ ደግሞ ደረጃ 4ን ደጋግማችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት አንድ ሒሳብ እንሥራ። 40 ደቂቃ ለሦስት ሲካፈል ለአንድ ክፍል 13 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። ቀሪውን 27 ደቂቃ ልጁ የሚያሳልፈው ያለ እናንተ ነው። አዲስ መምህር የሚጨነቀው ስለ 13ቱ ደቂቃ ነው፤ «እንዴት ቶሎ ቶሎ ላዳርስ?» ይላል። ክፍል የሚፈርሰው ግን በ27ቱ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ለማለት ይቻላል የ27ቱ ደቂቃ ዝግጅት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የሦስቱም ክፍል መማሪያ መጽሐፍና የመምህር መምሪያ። የልጆቹ መጽሐፍ ባይሟላ እንኳ የእናንተ አንዳንድ ቅጂ መሟላት አለበት።
- ሁለተኛ ሰሌዳ፣ ቢቻል ሦስተኛም። ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ይበቃል።
- ታጥበው የተተረተሩ ነጭ የማዳበሪያ ከረጢቶች። በማርከር የተጻፈባቸው ፊደል ገበታና የማባዣ ሰንጠረዥ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ይቆያሉ።
- የብስኩትና የሳሙና ካርቶን፣ መቀስ፣ ማርከር፣ ስኮች።
- 300 የጠርሙስ ቆርኪ። ለ15 የ1ኛ ክፍል ልጆች ለእያንዳንዳቸው 20 ማለት ነው። የመንደሩ ግሮሰሪና ሻይ ቤት በሁለት ሳምንት ያጠራቅሙላችኋል፤ ቀድማችሁ ንገሯቸው።
- በአሥር በአሥር የታሰረ ጭራሮ።
- የእጅ ወይም የግድግዳ ሰዓት። ስልክ አይሆንም። ሰዓት ለማየት ባወጣችሁት ቁጥር መልእክት ታያላችሁ።
- አንድ ትልቅ ደብተር፣ ለመዝገብ።

ጥንቃቄ። ለ1ኛ ክፍል መቁጠሪያ ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ጠጠር አትስጡ። ትንንሽ ልጆች ጆሯቸውና አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ ነው። ቆርኪዎቹንም ከማደላችሁ በፊት አንድ በአንድ ዳስሷቸው፤ ጠርዙ የተገለበጠ ጣት ይቆርጣል። ሰሌዳ ለማጥቆር ያረጀ የባትሪ ድንጋይ መፍጨት የቆየ ልማድ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። በተለይ ልጆች እንዲፈጩት አታድርጉ። ውስጡ ያለው ኬሚካል ለእጅም ለሳንባም ጥሩ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ማን የት እንዳለ ለዩ

በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ትምህርት አትጀምሩ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጥሩና ከፊደል ገበታ ላይ 10 ፊደል፣ ከዚያ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር አስነብቧቸው። በመጨረሻ አንድ የመደመርና አንድ የመቀነስ ጥያቄ ስጧቸው። ለአንድ ልጅ 3 ደቂቃ ይበቃል። በቀን 10 ልጅ ብታዩ በአምስት ቀን ሁሉንም ታዳርሳላችሁ። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ሥዕል ይሥላሉ፣ መዝሙር ይለማመዳሉ፣ የክፍሉን ደንብ ይማራሉ።

ፊደሉን በተርታ አታስነብቡ። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብሎ በዜማ የሚወርድ ልጅ ፊደል የለየ ይመስላል። ጣታችሁን «ሞ» ላይ ስታሳርፉ ግን ከ«መ» ተነሥቶ ካልቆጠረ አያገኛትም። ይህ ልጅ ገና አያነብም።

3ኛ ክፍል ተመዝግቦ የማያነብ ልጅ መኖሩ አይቀርም። ከስሙ ፊት ምልክት አድርጉ። ሰሌዳ ላይ ሥራ ጽፋችሁ ወደ 1ኛ ክፍል ስትዞሩ ያ ልጅ የሚሠራው የለውም። ስለዚህ ይረብሻል፣ እናንተም ባለጌ ነው ትላላችሁ። ጥምር ክፍል ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚያመቸው ነገር አለ፦ በንባብ ሰዓት ከ2ኛ ክፍል ጋር ቢቀመጥ ማንም «ዝቅ ተደረገ» አይለውም፤ ሁሉም እዚያው ቤት ነው ያለው።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ማውጫ ጎን ለጎን አስቀምጡ

አንድ ትልቅ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በእያንዳንዱ ዓምድ የአንዱን ክፍል ማውጫ ገልብጡ። ከዚያ የሚመሳሰሉትን ርእሶች በአንድ ቀለም አክብቡ።

አካባቢ ሳይንስ ላይ ብዙ መመሳሰል ታገኛላችሁ። ቤተሰብ፣ ውሃ፣ ዕፅዋት፣ እንስሳት፣ ንጽሕና በየክፍሉ እየሰፉ የሚመለሱ ርእሶች ናቸው። ሥነ ጥበብና ሰውነት ማጎልመሻ ደግሞ ጭራሽ መለየት አያስፈልጋቸውም። እነዚህን አንድ ላይ አስተምሩ፤ ሥራውን ብቻ ለየክፍሉ ለዩ። ለምሳሌ ርእሱ ውሃ ከሆነ ሁሉንም ወደ ምንጩ ይዛችሁ ውረዱ። 1ኛ ክፍል ውሃ የሚውልባቸውን ነገሮች ይሥላል። 2ኛ ክፍል ውሃውን የሚያቆሽሹትን ነገሮች በዝርዝር ይጽፋል። 3ኛ ክፍል ቂጡ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል ደርድሮ ድፍርስ ውሃ ያጠላል። (የተጣራውን እንዳይጠጡት። መልኩ ጠራ እንጂ ጀርሙ አልሞተም፤ ይህንኑ ራሱን የትምህርቱ አካል አድርጉት።)

ሒሳብና ፊደል ግን አይጠቀለሉም። ደረጃ በደረጃ የሚወጡ ናቸው፤ አንዱን የዘለለ ልጅ ቀጣዩን አይይዘውም። እነሱን በደረጃ 5 በምታዩት መንገድ እየተዟዟራችሁ አስተምሩ።

አማርኛ ላይ መካከለኛ መንገድ አለ። አንድ ተረት ለሁሉም በቃል ትነግራላችሁ። 1ኛ ክፍል በ«ጅ» ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን ያድናል፣ 2ኛ ክፍል ከተረቱ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ 3ኛ ክፍል መጨረሻውን ለውጦ ይጽፋል። የ5 ደቂቃ ተረት ለሦስት ክፍል የ20 ደቂቃ ሥራ ይሆናል።

ይህን ወረቀት ጨርሳችሁ ለርዕሰ መምህሩና ለሱፐርቫይዘሩ አሳዩ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ። የዕለት ዕቅድ ቅጹ ለአንድ ክፍል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ካልተስማማችሁ በየቀኑ ለየትምህርቱ ሦስት ዕቅድ ስትጽፉ ታመሻላችሁ። ባለ ሦስት ዓምድ አንድ ገጽ ዕቅድ እንዲፈቀድላችሁ በመስከረም ጠይቁ። ኅዳር ላይ ሊጎበኟችሁ ሲመጡ ብትጠይቁ ሰበብ ይመስላል።

ደረጃ 3፦ መቀመጫውን አዙሩ

ሦስቱ ክፍሎች ወደ አንድ ሰሌዳ እንዲያዩ አታድርጉ። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ሰሌዳውን በጠመኔ ለሦስት ከፍዬ ሁሉንም ወደ ፊት አስቀመጥኩ። ለ1ኛ ክፍል «አምስት ሲደመር ሦስት?» ስል ከኋላ የ3ኛ ክፍል ልጅ «ስምንት!» ይልልኛል። ትንንሾቹ ማሰብ አቆሙ፣ ትልልቆቹም የራሳቸውን ሥራ ትተው የኔን ተውኔት ያያሉ።

1ኛ ክፍል ወደ ዋናው ሰሌዳ ይይ። 3ኛ ክፍል ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላው ግድግዳ፣ 2ኛ ክፍል ወደ ጎን ግድግዳ። በመካከል እናንተ የምትመላለሱበት መተላለፊያ ይኑር። ትንንሾቹን በሩ አጠገብ አድርጉ፤ ሽንት ቤት ቶሎ ቶሎ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። መስኮቱ ትንሽ ከሆነ ብርሃኑን ብዙ ለሚያነበውና ለሚጽፈው ለ3ኛ ክፍል ስጡ።

መቀመጫው ከጭቃ የተሠራ መደብ ሆኖ የማይነሣ ከሆነ ልጆቹን አዙሩ። እግራቸውን በሌላኛው በኩል አድርገው ይቀመጣሉ፤ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ በካርቶን ይደግፋሉ። አይመችም፣ ግን ይሠራል።

ደረጃ 4፦ የብቻ ሥራ አዘጋጁ

የጥምር ክፍል ልቡ ይህ ነው። እናንተ ከሌላው ክፍል ጋር ስትሆኑ ልጁ ብቻውን ወይም ከጓደኛው ጋር የሚሠራው ሥራ አራት ነገር ማሟላት አለበት።

አንደኛ፣ የሚያውቀው ትምህርት ላይ ይሁን። አዲስ ነገር ለብቻ ሥራ አይሰጥም። ትናንት ያስተማራችሁትን ዛሬ ይለማመደው።

ሁለተኛ፣ ያለ ማብራሪያ የሚጀመር ይሁን። «ቲቸር ምን እናድርግ?» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ስለዚህ የሥራውን ዓይነት ቶሎ ቶሎ አትለዋውጡ። አምስት ዓይነት ጨዋታ በደንብ አስተምሯቸውና ውስጡ ያለውን ቃልና ቁጥር ብቻ ቀይሩ።

ሦስተኛ፣ እናንተ ከምትርቁበት ጊዜ ይርዘም። 10 ደቂቃ ልትርቁ ከሆነ የ15 ደቂቃ ሥራ ስጡ። ሥራ የጨረሰ ልጅ የራሱን ሥራ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎረቤቱን መቆንጠጥ ነው።

አራተኛ፣ ትክክል መሥራቱን ራሱ ይይ። መልሱ ከካርዱ ጀርባ ይጻፍ። «ልጆቹ መልሱን ያያሉ» ብላችሁ አትስጉ፤ የሚያገኙት ማርክ ከሌለ ቶሎ ይሰለቻቸዋል።

በካርቶን የሚሠሩ ጥቂት ምሳሌዎች፦

*ለ1ኛ ክፍል።* ቆርኪ ድብብቆሽ። ሁለት ልጆች 10 ቆርኪ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ የተወሰነውን በእጁ ይሸፍናል፤ ሌላው የቀረውን ቆጥሮ ስንት እንደተሸፈነ ይናገራል። እጅ ሲነሣ መልሱ ይታያል። ይህ ጨዋታ ለ15 ደቂቃ ያለ ምንም ክትትል ይሄዳል። ለፊደል ደግሞ የ«በ»ን ሰባት ቤቶች በሰባት ካርድ ጽፋችሁ ቀላቅሉ፤ ልጁ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይደረድራል፣ ከገበታው ጋር ያስተያያል።

*ለ2ኛ ክፍል።* የተበተነ ዓረፍተ ነገር። «አልማዝ / ከምንጭ / ውሃ / ቀዳች» ብላችሁ በአራት ቁራጭ ጻፉ። ከጀርባቸው 1፣ 2፣ 3፣ 4 ይኑር። ልጁ ይደረድራል፣ ገልብጦ ቁጥሩን ያያል፣ ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

*ለ3ኛ ክፍል።* የገበያ ጥያቄ። «አንድ እንቁላል 15 ብር ነው። 12 እንቁላል ስንት ያወጣል? 200 ብር ብትሰጥ መልሱ ስንት ነው?» ከጀርባው «180፣ 20»። ሲለምዱት ጥያቄውን ራሳቸው ያውጡ፤ አንዱ ጽፎ ለሌላው ያቀብላል። ይህኛው ለእናንተም እፎይታ ነው፤ ካርዱን ልጆቹ ያዘጋጁላችኋልና።

ለመጀመር ለየክፍሉ በአማርኛ 20፣ በሒሳብ 20 ካርድ ይበቃል። ድምሩ 120 ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ከሁለትና ሦስት ቅዳሜ አያልፍም። ላዩን በስኮች ከሸፈናችሁት ለከርሞም ይደርሳል።

በእያንዳንዱ ክፍል ጥግ ደግሞ «ጨረስኩ» የምትባል ካርቶን አስቀምጡ። ውስጧ የታሪክ መጽሐፍ፣ ያረጀ ጋዜጣ፣ እንቆቅልሽ የተጻፈበት ካርድ ይግባ። ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ሳይጠይቅ ሄዶ አንድ ያነሣል።

ጥንቃቄ። «ከሰሌዳ ገልብጡ» የብቻ ሥራ አይደለም። ጸጥታ ስለሚያመጣ ያታልላል። ትርጉሙን ሳያውቅ አንድ ገጽ አሳምሮ የሚገለብጥ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ 40 ደቂቃውን አከፋፍሉ

አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ደወል ከመደወሉ በፊት የ3ኛ ክፍል ሥራ በኋላው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይጠብቅ። የ2ኛ ክፍል ካርዶችም በየቡድኑ ይቀመጡ።

1. *ከ0 እስከ 4 ደቂቃ፣ ሁሉም አንድ ላይ።* «የዛሬ ቁጥር 8 ነው» ትላላችሁ። 1ኛ ክፍል በጣቱ ያሳያል። 2ኛ ክፍል 8 ላይ 10 ይጨምራል። 3ኛ ክፍል በ3 ያባዛል። አንድ ክፍል መሆናቸው እንዲሰማቸው ይህችን አትዝለሉ።
2. *ከ4 እስከ 14፣ 1ኛ ክፍልን ማስተማር።* ከ10 ላይ መቀነስ በቆርኪ። 2ኛ ካርድ ላይ ነው፣ 3ኛ ሰሌዳው ላይ።
3. *ከ14 እስከ 16፣ አንድ ዙር።* 1ኛ ክፍል ድብብቆሽ ይጀምራል። እናንተ በሦስቱም መካከል ትዞራላችሁ፣ ማን እንደተቸገረ ታያላችሁ። አትቀመጡ፣ አታርሙ።
4. *ከ16 እስከ 25፣ 2ኛ ክፍልን ማስተማር።* ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር መቀነስ፣ በጭራሮ እስር። 3ኛ ክፍል የጨረሰውን ከጓደኛው ጋር ያስተያያል።
5. *ከ25 እስከ 35፣ 3ኛ ክፍልን ማስተማር።* 2ኛ ክፍል አሁን የተማረውን ደብተሩ ላይ ይሠራል። 1ኛ ክፍል ቆርኪውን ሰብስቦ የተጫወተውን በሥዕልና በቁጥር ይጽፋል።
6. *ከ35 እስከ 40፣ መዝጊያ።* ከየክፍሉ አንድ ልጅ የሠራውን ለሁሉም ያሳያል። ዕቃ ይሰበሰባል።

ለምን ከትንንሾቹ ጀመርን? የ1ኛ ክፍል ልጅ መጠበቅ አይችልም፤ የ3ኛ ክፍል ልጅ ይችላል። ሆኖም በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ከ3ኛ ክፍል ጀምሩ። መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ሁልጊዜ ደቂቃ ይበላበታል፤ ዓመቱን ሙሉ የአንድ ክፍል ብቻ መበላት የለበትም።

ሰዓቱ ሲደርስ አቁሙና ዙሩ። «ይህችን ብቻ ልጨርስ» ያላችሁ ዕለት ሌላው ክፍል ይለቃል።

ደረጃ 6፦ የቡድን መሪ ሹሙ፣ ቶሎም ሻሩ

በየክፍሉ አምስት አምስት ልጆች አድርጋችሁ ቡድን አውጡ፤ ለእያንዳንዱ መሪ ይኑረው። የመሪው ሥራ ካርድ ማደል፣ መሰብሰብ፣ የተቸገረውን ጥያቄውን አንብቦ ማስረዳት ነው። አዲስ ትምህርት አያስተምርም፣ ደብተር አያርምም፣ ዱላ አይዝም፣ የረባሽ ስም አይጽፍም። ይህን በግልጽ ካልነገራችሁት ሁለተኛው ሳምንት ላይ አለቃ ይሆናል።

ትልቁ ትንሹን ማስጠናቱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የኔታ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ከፊደል ቆጣሪው እስከ ዳዊት ደጋሚው የሚይዙት በዚሁ መንገድ ነው። ልብ በሉ ግን፦ እዚያም አስጠኚው ልጅ በተራው የኔታ ፊት ቀርቦ የራሱን ትምህርት ያሰማል።

እኔ ይህን ረስቼ አንዲት ጎበዝ የ3ኛ ክፍል ልጅ የ1ኛ ክፍል «ረዳት» አድርጌ ከመስከረም እስከ ጥር አቆየኋት። ትንንሾቹ ወደዷት፣ እኔም ዐረፍኩ። የግማሽ ዓመቱ ውጤት ሲመጣ የሒሳብ ነጥቧ ወርዶ አገኘሁት። ለካ የኔን ሥራ ስትሠራ የራሷን ክፍል አትከታተልም ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪ በየሳምንቱ ሰኞ ይቀየራል። ወንድም ሴትም፣ ጎበዝም ደካማም ይደርሰዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። እንዲህ ባለ ክፍል ወንድምና እህት አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ታላቅን በታናሽ ላይ መሪ አታድርጉ። የቤቱ ጠብ ክፍል ይገባል፣ የክፍሉም ጠብ ማታ እናት ዘንድ ይደርሳል።

ደረጃ 7፦ ሳትጮኹ የምትግባቡበት ምልክት አስለምዱ

ሦስት ምልክት ይበቃል። ሦስቴ ማጨብጨብ «ሁሉም ወደ እኔ» ማለት ነው። እጅ ማንሣት «ድምፅ ቀንሱ» ነው። ሦስተኛው የእነሱ ነው፦ የተቸገረ ቡድን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል። እናንተ በዙሩ ጊዜ ድንጋይ ወዳለበት ትሄዳላችሁ።

ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ሦስት ጓደኛ መጠየቅ ግዴታ ነው። ይህ ደንብ ከሌለ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ጊዜ ትቋረጣላችሁ፤ በተቋረጣችሁ ቁጥር የምታስተምሩት ክፍልም አብሮ ይበተናል። ምልክቶቹን እንደ ትምህርት አለማምዷቸው፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ያ ጊዜ የባከነ ከመሰላችሁ ጥር ላይ እንነጋገር።

ጫጫታን በተመለከተ ደግሞ፣ ጥምር ክፍል ፀጥ አይልም። የሥራ ድምፅና የጨዋታ ድምፅ ይለያያሉ፤ ጆሯችሁ በወር ይለምደዋል።

ደረጃ 8፦ ደብተር ማረምና መመዝገብ

በቀን 45 ደብተር በሦስት ትምህርት ላርም ብትሉ ጥቅምትን አትሻገሩም። የዕለቱን ሥራ ልጆቹ በመልስ ካርድ ይተራረሙ። እናንተ በየቀኑ 9 ደብተር ብቻ፣ ከየክፍሉ ሦስት ሦስት፣ አጥብቃችሁ እዩ። በሳምንት ሁሉንም ታዳርሳላችሁ።

በትልቁ ደብተር ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ስጡት። ነጥብ ብቻ አትጻፉ። «ከ10 በላይ መቀነስ ይቸግራታል»፣ «ሳድስን ከግዕዝ ያምታታል» የምትል አንዲት መስመር ለተከታታይ ምዘናም ትሆናለች፣ ወላጅ ሲመጣም የምትናገሩት አይጠፋችሁም። ወላጅ መምጣቱም አይቀርም። «ልጄ ሦስተኛ ሆኖ ከአንደኛ ጋር ለምን ይቀመጣል?» ይላችኋል። በቃል አትከራከሩ፤ የልጁን ደብተርና የ3ኛ ክፍል መጽሐፉን ጎን ለጎን ክፈቱላቸው።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስሕተቶች

*ሦስቱንም በ1ኛ ክፍል ደረጃ ማስተማር።* ሲደክመን ሁላችንም የምናደርገው ነው። ለአንድ ቀን ችግር የለውም፤ ልማድ ሲሆን 3ኛ ክፍል መቅረት ይጀምራል።

*1ኛን ክፍል ለሥዕልና ለመዝሙር መተው።* የተገላቢጦሹ ስሕተት ነው። ትልልቆቹ ፈተና አለባቸው ተብሎ ትንንሾቹ ፊደል ሳይለዩ ያልፋሉ። ከርሞ እዳው ለራሳችሁ ይመጣል።

*ሥራ ሳይሰጡ ማስተማር መጀመር።* ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱን ክፍል ሥራ ላይ አሰማሩ፣ ከዚያ ሦስተኛውን አስተምሩ።

*በየዓመቱ የሚዞር ዕቅድን ያለ ቦታው መጠቀም።* 3ኛንና 4ኛን የያዙ አንዳንድ መምህራን ለሁለቱም ዘንድሮ የ3ኛን፣ ለከርሞ የ4ኛን ያስተምራሉ። አካባቢ ሳይንስ ላይ፣ ሱፐርቫይዘሩ ከተስማማ፣ ያስኬዳል። ሒሳብና ንባብ ላይ አያስኬድም። 6ኛ ክፍልን ለያዘም አልመክርም፤ ክልላዊ ፈተናው የዚያውን ዓመት መጽሐፍ ይጠይቃል። በመሃል ትምህርት ቤት የሚቀይር ልጅም አንዱን ዓመት ሳይማር ይቀራል።

*የገበያ ቀንን እንደ ሌላው ቀን ማቀድ።* ገበያ ሲውል ትልልቆቹ ይቀራሉ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አዝመራ አለ። በእነዚያ ቀኖች ለ3ኛ ክፍል አዲስ ትምህርት አታቅዱ፤ ለመጡት ክለሳና ካርድ ይበቃቸዋል። የተረፈውን ደቂቃ ለ1ኛ ክፍል ንባብ አውሉት። የቀረ ልጅ ሲመለስ ያመለጠውን ካርድ ወስዶ ይሠራል፤ ክፍሉን ሁሉ ወደ ኋላ አትመልሱለት።

የትኛውን ከየትኛው ላጣምር?

ሁለት መምህራን ሆናችሁ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ካላችሁ፣ ብዙ ሰው 1ን ከ2፣ 3ን ከ4 ያጣምራል። ርእሱ ይቀራረባል፣ እውነት ነው። ግን 1 እና 2ን የያዘው መምህር አንብበው ሥራ የሚጀምሩ ልጆች የሉትም፤ ሁለቱም ክፍል እሱን ይጠብቃል። እኔ 1ን ከ3፣ 2ን ከ4 ማጣመርን እመርጣለሁ። በሁለቱም ቤት ቢያንስ አንዱ ክፍል ከሰሌዳ አንብቦ ብቻውን ይሠራል። ክፍፍሉን ግን ምዝገባው ሳያልቅ ወስኑ፤ ልጆቹ ቦታ ከያዙ በኋላ ማዘዋወር ከወላጅ ጋር ያጨቃጭቃል።